ከእጃቸው የተቀበልኩት ሣር

ከደብረ ብርሃን ልወጣ ባደርኩባት ሌሊት እናቴ ሻንጣዬን ደጋግማ ፈታችው። መጀመሪያ በሶውን ከታች አደረገችው፤ ከታች ከሆነ መንገድ ላይ እንዴት ይወጣል ብላ ወደ ላይ መለሰችው፤ ከላይ ሲሆን ደግሞ ጋቢው አልገባ አለ። «ጋቢውን ተዪው እማዬ፤ አርባ ምንጭ ቆላ ነው» አልኳት። «ቆላ ቢሆንስ አይመሽም?» አለችኝ። ውጭው የኅዳር ውርጭ ነበር። እናቴ በዚያ ብርድ ውስጥ ተቀምጣ ጋቢ የማይፈልግ አገር መገመት አቃታት። እውነቱን ለመናገር እኔም አቅቶኝ ነበር።

የምሄደው ሥራ አግኝቼ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እንደ ድሮው ተመራቂን የሚመድብ ስላልነበረ የደን ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ቁጭ ብዬ ከርሜ፣ አንድ የችግኝ ፕሮጀክት ያወጣውን ማስታወቂያ አይቼ ተወዳድሬ አለፍኩ። እናቴ ግን ለጎረቤት «ስንዱ ተሰደደችብኝ» ነበር የምትለው። ድንበር የለው፣ ፓስፖርት የለው፣ ምኑ ነው ስደት ስላት «ቋንቋው ሌላ፣ እህሉ ሌላ፣ መንገዱ ቀናት የሚፈጅ፤ ስደት ከዚህ ሌላ ቀንድ አለው?» አለችኝ። እናንተም እንደኔ ለሥራ ከቤታችሁ የራቃችሁ ካላችሁ፣ ቃሉ የበዛ መስሏችሁ እንደሆነ አንብባችሁ ፍረዱ።

አዲስ አበባ አድሬ፣ ሶዶ አድሬ ወረድኩ። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ሹራቤን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን አወለቅኩ፣ ሌላ የማወልቀው ሳይኖረኝ አባያ ታየ። ሐይቅ ሰማያዊ ነው ብዬ ለማስብ ሰው ያ ቀይ ቡናማ ውሃ፣ ዝናብ የመታው የጭቃ ቤት ግድግዳ ይመስል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች የሙዝ ነጋዴ ላቤን አይታ ሳቀችና በያዘችው ካርቶን አራገበችልኝ። እስከ መናኸሪያው ድረስ እጇን አላሳረፈችም፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተለያየን። እንዲህ ነኝ እኔ፤ የምጠይቀው የሚታወሰኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

አርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባሻ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው።

«መብራት ስንት ሰዓት ታጠፊያለሽ?» አሉኝ።

«እንደ ሥራዬ ነው።»

«ሥራሽ ጫካ ነው አላልሽም? ጫካ ውስጥ መብራት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጨለማውን ለምደሽዋል። ዘመድ ይመጣብሻል?»

«እዚህ ዘመድ የለኝም።»

«ጥሩ። ዘመድ ውሃ ያበዛል።»

ሻንጣዬን አልጋ ሥር አደረግኩት እንጂ አልፈታሁትም። ልብሴን ከውስጡ እያወጣሁ እለብሳለሁ፣ አጥቤ መልሼ እከተዋለሁ። ጋቢው ከሥር እንደተጣጠፈ ቀረ። ማታ ማታ ሙቀቱ ስለማያስተኛ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ባሻ በመስኮት «ዘብ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል። ምግቡንም ቀስ በቀስ ነው የለመድኩት። ሀለኮ የሚሉት ቅጠል ከበቆሎ ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ይሆናል፤ ከጎኑ ዳታ የሚባል ቃሪያና ዝንጅብል የበዛበት ማባያ አለ። ዓይኔ እያነባ እበላዋለሁ፤ እንባው የዳታው ነው ብዬ ማንንም አሳምናለሁ። ዓሣ በላሁ ብዬ ለእናቴ ብጽፍላት «በጾም እንዳይሆን» ብላ መለሰች።

ሥራው ግን ጥሩ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወርጄ፣ ከዚያ ወደ ችግኝ ጣቢያው በእግሬ እሄዳለሁ። ዛፍ የማያልቅበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ኩበት ነው የሚነደው፤ ነፋሱን የሚያቆመው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። እዚህ ጫካው ውስጥ ቆሜ ሰማይ ሲጠፋኝ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሜዳችን ይናፍቀኛል፤ ጎጆውና ጭሱ ሁሉ ከሩቅ የሚታይበት ሜዳ። አንዱ ጋር ስሆን ሌላው ይጠራኛል። በዚህ ምክንያት ዓመቱ ሳይጋመስ ዝውውር ጠየቅኩ፤ ፕሮጀክቱ ደብረ ብርሃን አጠገብ ቅርንጫፍ ነበረውና አንድ ቦታ ክፍት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ግርማ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። «እዚህ ምን ጎደለሽ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። ኃላፊ ፊት ሌላ መልስ አይወጣኝም።

«ምንም ካልጎደለሽ ለምን ትሄጃለሽ?»

መልስ መጠበቁ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «ክረምቱን ደጋው፣ ገረሴ ወጥተሽ ተከላውን ጨርሺልኝ። ችግኙ ቆሞ ሪፖርቱ ከተዘጋ እንቁጣጣሽን እናትሽ ቤት ነሽ» አሉ።

ሐምሌ ሲገባ ገረሴ ወጣሁ። ላንድክሩዘሩ ዳገቱን ጀምሮ ጭቃው ሲይዘው ወርደን ገፋን፤ መኪናው እኛን ትቶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሾፌሩ «እሱም ዝውውር ጠይቋል» አለ። የቀረውን በእግራችን ወጣነው። እየወጣን ስንሄድ በረደኝ። ጉም ወረደ፤ ገብስ ታየኝ፤ አፈሩ አገሬ አገሬ ሸተተኝ። ያን ቀን ማታ ጋቢዬን ከሻንጣው ሥር ጎትቼ አወጣሁና ተከናንቤ አለቀስኩ። ቤቴን የሚመስል ነገር ሁሉ አለ፤ ገብሱም፣ ብርዱም፣ ጭቃውም። ግን በየጓሮው እንሰት ቆሟል፣ ቤቱ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፣ ሰው የሚነጋገረው በጋሞኛ ነው። ጭራሽ የማይመስለው ቆላ ይሻለኝ ነበር።

የጉልበት ሥራውን የምታስተባብረው እትዬ ዓለሚቱ ነበረች፤ ያረፍኩትም እሷ ቤት ነው። ባሏ ጴጥሮስ የችግኙ ጥበቃ ነው። የተሰጠን ቦታ ባዶ መሬት ተብሎ የተመዘገበ ሰፊ ሜዳ ነበር። ከዳሩ ማንም ደረቅ ቅርንጫፍ እንኳ የማያነሳበት የጥንት ዛፍ ጫካ አለ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ከብት ይውላል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ መስቀል ሲደርስ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ይጨፍርበታል። ይህን ያወቅኩት ግን ቆይቼ ነው። የመጣው ችግኝ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ቅጠሉን በጣቴ አሸት አድርጌ አሸትተዋለሁ፣ ደብረ ብርሃን ይሸተኛል። ዝናብ እየወረደብን ተከልን። ሠራተኞቹ «ኢንጅነር፣ ሂጂ ጋቢሽን ልበሺ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ተክዬ ጨርሼ ለመሄድ ስለቸኮልኩ አልሰማቸውም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ችግኙ ተነቅሎ አገኘነው። የሚገርመው አልተቆረጠም፣ አልተረገጠም፤ እያንዳንዱ በየጉድጓዱ አጠገብ ተጋድሟል፣ ሥሩ እንዳይደርቅ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል። መልሰን ተከልነው። በሌላው ሳምንት ነፋስ ይሁን ዝናብ ልይ ብዬ ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ችግኝ ያስተኛል፤ ሕፃን እንደማስተኛት በሁለት እጁ። ቀና ሲል ጴጥሮስ ነው፤ ጥበቃው።

ተያየን። «እንዴት አደርሽ ኢንጅነር?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርክ?»

«ደህና። ብርዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

ሰላምታው አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ «በል ደህና ዋል» ብዬ ተመለስኩ፤ እሱም ሥራውን ቀጠለ።

አቶ ግርማ ችግኙ መነቀሉንም፣ እኔ ሳይነጋ ሜዳው መውጣቴንም ሰሙ። በሬዲዮ መልእክት ላኩብኝ፤ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ፣ ያየሽውን ቃል ትሰጫለሽ፣ ጉዳዩ ሲዘጋ ዝውውርሽን እፈርማለሁ የሚል። አንድ ስም ብናገር ሰውዬው ይታሰራል፣ እኔ ቤቴ እገባለሁ። ያንን ሰሞን መቀመጥ አቃተኝ። ሜዳውን እዞራለሁ፣ እንደገና እዞራለሁ። እትዬ ዓለሚቱ ትኩስ ነገር ታቀርብልኛለች፣ ስለ ባሏ አንድ ቃል አትናገርም።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሽማግሌዎች መንገዱ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከፊት የቆሙት አቶ አንጁሎ የሚባሉ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁሉም በሁለት እጃቸው ጤዛ ያልለቀቀው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ምንም አይናገሩም።

እንግዲህ በእኛ አገር በዚህ ሰሞን ሣር ይዞ ደጅ የሚቆም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ሣሩን ትቀበላላችሁ፣ ሳንቲም ትሰጣላችሁ፣ ይመርቋችኋል። እዚህ አገር እንቁጣጣሽን የሚያዞሩት ሽማግሌዎች ናቸው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሁሉ ነገር ከለመድኩት የተለየ ስለሆነ ይህም አልገረመኝም። እንደውም ልቤ ሞቀ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ሰው በዓል ይዞልኝ የመጣ አልነበረም። ጠጋ አልኩና ሣሩን ከአቶ አንጁሎ እጅ ተቀበልኩ፣ ሳም አደረግኩት፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩ። ከዚያ ኪሴን ዳብሼ ያገኘሁትን ሃምሳ ሳንቲም መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

አቶ አንጁሎ ሳንቲሙን አዩት። ገለበጡት። ከጎናቸው የቆሙት ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «በአገርሽ ሣር ይሸጣል?» አሉኝ አቶ አንጁሎ።

«አይ» አልኩ።

ከኋላዬ እትዬ ዓለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አለየሁትም። ሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው ተነጋግረው፣ አንድ በአንድ እጄን ስመው ሲሄዱ ነው የነገረችኝ። በእነሱ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከቆመ ምሕረት ለመነ፣ ጠቡ ይብቃ አለ ማለት ነው። የተለመነ ሰው እነሱን አልፎ መሄድ አይችልም። ስለ ጴጥሮስ ነው የመጡት፤ የነቀለው የአገሩ ሜዳ እንዳይዘጋ ነው፣ ከተማረ ደግሞ ችግኙን ሌላ ቦታ አብረው ሊተክሉ ቃል ገብተዋል።

«እና እኔ ምን አደረግኩ?»

«እሺ ሲባል አይቻለሁ። ሰው ከእጃቸው ሲቀበል ግን አይቼ አላውቅም» አለች። «ከእሺ ይበልጣል መሰለኝ።»

«አላወቅኩም እኮ፣ እትዬ ዓለሚቱ።»

«እንዳላወቅሽ ያውቃሉ። ሄደሽ ንገሪያቸው፤ እንግዳ ነሽ፣ አይቀየሙሽም» አለች፤ ፊቷ ግን ወደ ሜዳው ነበር።

ያን ቀን ሙሉ እሄዳለሁ እያልኩ ቆየሁ። ጫማዬን አደረግኩ፣ አወለቅኩ። ሣሩን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱ አቶ ግርማ ፖሊሱን ይዘው ደረሱ።

«ማን ነው የነቀለው?» አለኝ ፖሊሱ። የዚያው ደጋ ልጅ ነው።

አቶ ግርማ «አትፍሪ፣ ያየሽውን ተናገሪ» አሉ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። «ሣር ተቀብያለሁ» አልኩ።

ፖሊሱ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ምን አለች? ምንድን ነው ሣር?» አሉ አቶ ግርማ።

«አልቋል ነው የምትለው፣ ጌታዬ» አለ ፖሊሱ። «ሻይ ይኖር ይሆን?»

ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ቃላቸውን ጠበቁ። ወጣቶቹን ይዘው መጡና ችግኙን ከሜዳው አንስተን፣ ከምንጭም ርቀን፣ ናዳ የበላው ገደል አፋፍ ላይ አብረን ተከልነው። ጴጥሮስ ከሁሉም በላይ ሠራ። እኔም እስኪመሽ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ሪፖርቱ ግን በዓሉ ሳይደርስ አልተዘጋም፤ የደብረ ብርሃኑ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ ግርማ ሲነግሩኝ «ምን ይሰማሻል?» ብለው ጠየቁኝ። «ምንም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ ስህተት ነበር ያላልኩት አፍሬ ነው ወይስ ፈልጌ? ይህን እየጻፍኩም አላውቀውም።

ጳጉሜ ላይ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩና ቴሌ ሄድኩ። ሰው ይጠራል፣ ይጮኻል፣ ይወዛል። ሠራተኛው «ደብረ ብርሃን፣ ሁለት ቁጥር!» ሲል ሁለተኛው የስልክ ክፍል ገባሁ። እናቴ ጎረቤታችን ሱቅ መጥታ እየጠበቀችኝ ነበር።

«ስንዱ፣ መቼ ነው የምትገቢው? ዶሮዋን ገዝቻለሁ።»

«አልመጣም እማዬ። ዝውውሩ ቀረ።»

«ማነው የከለከለሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም። ሽማግሌዎች ሣር ይዘው መጡ፤ ተቀበልኳቸው።»

«እንቁጣጣሽ ሳይደርስ?»

«አዎ።»

«ሽማግሌዎች?»

«አዎ እማዬ።»

«እና ምን ሰጠሻቸው? ባዶ እጃቸውን ሰደድኳቸው እንዳትዪኝ።»

«ሃምሳ ሳንቲም።»

«ለሽማግሌ አነሰች» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ራቅ አለብኝ። «ጋቢውስ?»

«ተራራው ላይ እለብሰዋለሁ።»

«ነግሬሽ ነበር።»

ውጭው ፀሐይ ነበር፤ የቴሌው በር ተከፍቶ ሙቀቱ ይገባል። በስልኩ ውስጥ ግን የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ የኛ የጳጉሜ ዝናብ፣ እየቆመ እየጀመረ። «ስንዱ፣ ጮክ በይ፣ አይሰማኝም» አለች እናቴ። እኔ ግን አልተናገርኩም ነበር። ዝናቡን እየሰማሁ ነበር።