እስከ አንኮበር ብቻ

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደብረ ብርሃን፣ በጓደኛዬ እናት ሳሎን ውስጥ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው የግድግዳውን ሰዓት ትክ ብዬ ሳይ ስለነበር ነው። ሰው ፊት ስቀመጥ ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ከጎኔ ሆና በጉልበቷ ትጎስመኛለች፤ ተናገሪ ማለቷ ነው።

የመጣነው ፈቃድ ልንጠይቅ ነበር። ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ሆነን በብስክሌት ልንጓዝ አስበናል። አራታችንም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ነን። ከወንዶቹ አንደኛው ፋብሪካ ይሠራል፤ ዝምተኛ ነው፤ ብስክሌት ፈትቶ መግጠም ያውቅበታል። ሌላኛው መምህር ነው፤ አፉ አያርፍም። ጓደኛዬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ደመወዝም አላት፤ ግን የምትኖረው እናቷ ቤት ነው። እናቱ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ይጠይቃል።

እናትየው ልጃቸውን አላነጋገሯትም። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺም ትሄጃለሽ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አንቺ ካለሽበት ትሂድ። ግን እስከ አንኮበር ብቻ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቆላው አንድ እርምጃ እንዳትወርዱ።"

ለምን እንደሆነ ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ታላቋ ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማንም ሳትናገር በአንኮበር ቁልቁለት ወርዳ፣ በአፋር በኩል አድርጋ አረብ አገር ገብታለች። ዛሬ ደህና ናት፣ ትደውላለች። ድምጿን እስኪሰሙ ድረስ ግን አራት ወር ፈጅቷል።

ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። "ልጄን የሰማይ የምድር አደራ ብዬሻለሁ" አሉኝ።

አደራ ሲሰጥ አልቀበልም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። እጅ ተይዞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሲነገር ዝም ማለት ራሱ መቀበል ነው። እኔ ደግሞ የምችለው ዝም ማለት ነው። ጓደኛዬ ከጎኔ ትንፋሿን ስትለቅ ተሰማኝ።

ዓርብ ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ወደ ለሚ ከተማ ሄድን። ቅዳሜ ከለሚ ተነስተን መንዳት ጀመርን፤ እሑድ ማታ ጫጫ ገባን። ዕቅዱ ሰኞ ደብረ ብርሃንን አልፎ አንኮበር ማደር፣ ማክሰኞ ወደ ቤት መመለስ ነበር።

ጉዞው ደስ የሚል እንደነበር ሦስቱም ይናገራሉ። እኔ ያየሁት የጓደኛዬን የኋላ ጎማ ነው። እሷ ስትፈጥን እፈጥናለሁ፣ ስትቆም እቆማለሁ፣ የጭነት መኪና ድምፅ ስሰማ "ጠርዝ ያዢ" እላለሁ። የገብስ ማሳ በግራም በቀኝም አልፏል፤ ወንዝ ተሻግረናል፤ አንድ መንደር ላይ አንዲት አሮጊት "መኪና አጥታችሁ ነው ልጆቼ?" ብለው ከልባቸው አዝነውልናል። እኔ ግን ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም። ለአፍታ ዓይኔን ባነሳ የምትወድቅ ይመስለኝ ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልክ ይጮሃል። የሚጮኸው የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።

"በላች?"

"በልታለች፣ እትዬ።"

"ምን?"

"ሽሮ።"

"ከማን ጋር ታድራለች?"

"ከእኔ ጋር። በሩንም ቆልፈናል።"

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ፣ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ትሰማለች። አንድ ቀን ለምን ራስሽ አታናግሪያትም ብያት ነበር።

"እኔን መቼ ታምነኛለች" አለች።

መምህሩ በሩን አንኳክቶ ብቅ ይላል። "እመምኔቷ ሪፖርት አቀረቡ? ገዳሙ ሰላም ነው?" ዝምተኛው እንኳ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ካልሳቅኩ የባሰ ነው የሚሆነው።

ሰኞ ረፋድ ደብረ ብርሃን ስንደርስ እናትየው ዋናው መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። በፌስታል በሶ ይዘዋል። ጓደኛዬ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን አልፈዋት መጥተው ለእኔ ሰጡኝ። "ዛሬ አንኮበር፣ ነገ ቤት" አሉኝ። "እሺ፣ እትዬ" አልኩ። ፌስታሉን መሪዬ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ አንኮበር ድረስ ጉልበቴን ሲመታኝ ዋለ።

አንኮበር የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጉም ወርዶ ከአሥር ሜትር በላይ አይታይም። መንገዱ መታጠፍ የሚጀምርበት ጋ ቆመን ስናርፍ ድንገት ጉሙ ከታች ተከፈተ። ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ፣ ከሥሩ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጀርባ የተደረደሩ ሰማያዊ ኮረብታዎች ታዩኝ። ፊቴን ሞቅ ያለ ነፋስ ነካው። ወዲያው ተዘጋ። በዚያ መንገድ ፍሬን ለቅቄ ብወርድ ብዬ ተመኘሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ያረፍንበት አልቤርጎ ውስጥ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ዝምተኛው ጨርቅ ላይ እጁን እየጠረገ ገባ። "ፍሬኖቹን አይቻቸዋለሁ፤ የነገውን ቁልቁለት ይችላሉ" አለ።

"የምን ቁልቁለት?" አልኩ።

መምህሩ ሻዩን አማሰለ። ለካ ከለሚ ጀምሮ ተነጋግረውበታል፤ ነገ ቆላ ወዳለችው አሊዩ አምባ ወርደው ያድራሉ፣ በማግስቱ ትንሽ ወደ ታች ዘልቀው በመኪና ይመለሳሉ።

"ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?"

"ብነግርሽ ማታ ማታ ስልክ ላይ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለች ጓደኛዬ። በክፋት አልነበረም የተናገረችው።

"እናትሽስ?"

"እኔ እህቴ አይደለሁም። ቆላ የወረደ ሁሉ ባሕር አይሻገርም። ሁለት ቀን ነው የለመንኩሽ።"

እውነቷን ነው። ችግሩም እሱ ነበር። አትሂጂ ብላት የእናቷ ዘበኛ መሆኔ ነው። ብቻዬን ብመለስ እናትየው በር ላይ ቆመው ልጄስ ይሉኛል። ብዋሽ ደግሞ ያ የተያዘ እጄ አለ። ከምንም በላይ ያሳፈረኝ፣ ሦስቱን ምርጫ እያሰብኩ ሳለ የሚታየኝ ያ ቁልቁል መንገድ መሆኑ ነው።

"ጉም ያዘን በያቸው" አለ መምህሩ። "ውሸት አይደለም። ይኸው በመስኮት ሊገባ ነው።"

ስልኩ ጮኸ። ቤት ውስጥ ድምፅ ስለሚቆራረጥ ወጥቼ አጥሩ ጥግ ሄድኩ።

"ነገ ትመጣላችሁ አይደል?"

"ጉም ነው፣ እትዬ። መንገዱ አይታይም።"

"እንግዲያው እንዳትንቀሳቀሱ። በደንብ እስኪገለጥ እዚያው ቆዩ።" ከዚያም፣ "አንቺ ስላለሽ ነው እኮ እንቅልፍ የሚወስደኝ" አሉ።

ስመለስ ጓደኛዬ አቀፈችኝ። መምህሩ "እመምኔቷ ዓለማዊ ሆኑ" አለ። እራት ቀርቦ ሁለት ጊዜ ጎረስኩና ተውኩት። የተናገርኩት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ እንዲህ አድርጌ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጓደኛዬን ቀሰቀስኳት። "ጋቢሽን ደርቢና ተከተይኝ" አልኳት። ምን ሆንሽ እያለች መጣች። አጥሩ ጥግ ስንደርስ ደወልኩ። እናትየው በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት።

"እትዬ፣ ትናንት ያልኩዎት ውሸት ነው። ጉሙ አልያዘንም። ልጅዎ ዛሬ ወደ አሊዩ አምባ ልትወርድ ነው።" ጓደኛዬ የእጄን አንጓ ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። "አደራውን ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም። መልሼልዎታለሁ።"

በስልኩ ውስጥ ውኃ ባልዲ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። እስኪሰድቡኝ ጠበቅኩ።

"አንቺስ?" አሉኝ። "አንቺም ትወርጃለሽ?"

በነዚያ ሁሉ ቀናት ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"አዎ" አልኩ። "እኔም መውረድ እፈልጋለሁ። ስለ እሷ ብዬ አይደለም።"

"እሷን ስጪኝ" አሉ።

ስልኩን ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ ከማድረጓ በፊት አየችኝ፤ እንደዚያ ተናድዳ አይቻት አላውቅም። "እማዬ" ስትል ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ዝምተኛው ግቢው ውስጥ ጎማ ሲነፋ አገኘሁት። ብስክሌቴን ሳወጣ ቀና ብሎ አየኝ። "እነሱስ?" አለ።

"እንጃ። ራሳቸው ይወስናሉ።"

"የፊተኛውን ፍሬን ብቻውን እንዳትይዢ" አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወረድኩ። ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር ይፈናጠራል፤ መሪውን አጥብቄ ይዣለሁ። ከፊቴ ማንም የለም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ጭነት የጫኑ አህዮች ከሚነዱ ሴቶች ጋር ተገናኘን። መንገዱ ስለጠበበ ወርጄ ዳር ያዝኩ።

"ብቻሽን ነሽ እንዴ?" አለችኝ የመጨረሻዋ።

"ለጊዜው" አልኳት። አህዮቹ አልፈው እስኪያበቁ ጠብቄ የብስክሌቴ ኮርቻ ላይ ወጣሁ።