የጠዋት ድርቀት

ፍኖተ ሰላም ነርስ ሆኜ ስሠራ አንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ለጥናት መጡና ረዳት አደረጉኝ። ገጠር ውስጥ ሁሉም «ቁርጥማት» ተብሎ የሚታለፈውን ሕመም፣ ጣት ሳይጣመም፣ በጥቂት ጥያቄና በትንሽ አልትራሳውንድ መለየት ይቻል እንደሆነ ማየት ፈልገዋል።

ጥያቄዎቹ ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው። እኔም ሳላቅማማ ይዣቸው ከሐኪሙ ጋር ወደ ቡሬ ገጠር ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘናቸው በርበሬ የሚያመርቱ እናት ነበሩ፤ ግቢያቸው በተሰጣ በርበሬ ቀልቷል፣ እኛም እያስነጠስን ገባን።

«እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ድርቀት ያስቸግርዎታል?» አልኋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እኔስ ሆዴ ደህና ነው፤ ተልባዬን እጠጣለሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው፣ አንቺን ያስቸግርሻል እንዴ?»

ሐኪሙ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

«እጅዎን ማለቴ ነው። ሲነሱ እሺ ይልዎታል?»

«እጄንማ ተይው፤ ጠዋት የእኔ አይደለም። በርበሬ የምቀነጥሰው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። እስከዚያ መቀነቴን እንኳ የምታስርልኝ ልጄ ናት። ብርድ ነው ይሉኛል።»

ሐኪሙ ሳቃቸውን ትተው ተጠጉና የእናትየዋን ጣቶች አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጉ። «ፍኖተ ሰላም ይምጡልኝ» አሉ።

መጡ። ቀዝቃዛውን የአልትራሳውንድ ቅባት እጃቸው ላይ ሳፈስ ክው አሉ። «ብርድ ነው ያሉኝን በብርድ ልታክሙኝ ነው?»

የመሣሪያው ስክሪን ላይ በአንጓዎቻቸው ዙሪያ ቀይ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል፤ መገጣጠሚያው ሲቆጣ የሚበዛው የደም ፍሰት ነው። የደም ምርመራውም ተጨምሮ ነገሩ ለየ።

«ብርድ አይደለም፣ እርጅናም አይደለም» አሉ ሐኪሙ። «የገዛ ሰውነትዎ ነው መገጣጠሚያውን የሚያስቆጣው። አጥንቱን ሳይጎዳ ደርሰንበታል፤ መድኃኒት አለው።»

እናትየዋ ጣቶቻቸውን አገላብጠው አዩ። «እንግዲያ ሰነፈች ሲሉኝ የኖሩት ሁሉ ሐሰት ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። ደስታ ይሁን ንዴት አልለየሁትም፤ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም።

እኔ በዚያው ሳምንት «ድርቀት» የሚለውን ሰርዤ፣ «ጠዋት እጅዎ እስኪፈታታ ምን ምን ሥራ ያልፍዎታል?» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ እንደ ጉድ መጣ፤ ሰዉ ሁሉ ስለ እጁ የሚያወራው ነበረው።

መድኃኒቱ ለመሥራት ወራት ፈጀ። እናትየዋ ለክትትል ሲመጡ እጄን ጥብቅ አድርገው ጨብጠው አልለቅ አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ጎረቤታቸውንም ይዘው መጥተዋል። ሐኪሙ አዩአቸውና የእሳቸው ሕመም በሥራ ብዛት የመጣ መሆኑን፣ ያ መድኃኒት እንደማያስፈልጋቸው ነገሯቸው። ጎረቤትየዋ ግን ቅር አላቸው፤ በስክሪኑ ላይ ቀዩን ነገር ለማየት ነበር የመጡት።