ለብርድ የታዘዘ በረዶ

የቀኝ ዳሌዬን ጎን ሲያመኝ እናቴ ምርመራዋን በር ላይ ቆማ ጨረሰች፤ «ብርድ ነው።» ብርዳሙ አምባ ጊዮርጊስ ተወልዳ ካደገች ሴት ጋር ስለ ብርድ መከራከር አይቻልም። መስኮቱ ተዘጋ፣ ሁለት ጋቢ ተደረበብኝ። ወጌሻ ተጠርቶ ያመመኝን ቦታ በቅቤ እያሸ አስለቀሰኝ። ከዚያ በፊት የሚያመኝ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አነከስኩ።

በስንት ጭቅጭቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ የዳሌዬን ጎን በአንድ ጣት ጫን ስታደርገው ከአልጋው ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አጥንቱና ጅማቱ እንዳይፋተጉ መሃላቸው ያለች ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት ተቆጥታ ነው አለችኝ። «በዚያ ጎን አይተኙ፤ ማንም እንዳያሽዎት፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙበት» ብላ ማስታገሻ ጻፈችልኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። «ለብርድ በረዶ? የማን ልጅ ናት? ከኛ ቤት ቂም አላት እንዴ?»

በረዶውን ከጋቢው ስር ደብቄ መያዝ ጀመርኩ፤ ጋቢው ረጥቦ እስክያዝ ድረስ።

ቆይቶ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን ዳገት ሳላነክስ ከእናቴ ጋር ወጣሁ። ጎረቤታችን በምን እንደዳንኩ ስትጠይቃት እናቴ ምንም ሳታፍር መለሰች፤ «ብርድ ነው ብዬ አልነበር? የባሰ ብርድ ሲመጣበት ጥሎት ሄደ።»