ሁለት ጊዜ የገባ ጨው

ማድ ቤቱ ውስጥ አራት ነበርን። የወንድሜ ሚስት ከምድጃው ፊት፣ ማማሰያውን ይዛ። ወንድሜ በሩ ላይ፣ አንድ እግሩ ውጭ። ትልልቅ ድስት ያዋሰችን ሙስሊሟ ጎረቤት ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ ከውኃው በርሜል ጎን ባዶ እጄን ቆሜያለሁ።

ቤቱ ፍኖተ ሰላም ያለው የእናታችን ቤት ነው። አርባዋ ዓርብ ዋለ። እንግዳ በዘጠኝ ሰዓት ይገባል፤ እስከዚያ እኛ ጿሚዎቹ ወጡን አንቀምስም። እናቴ ሳትሞት «የተዝካሬን ወጥ አንቺ ሥሪው» ብላኝ ነበር። ከቡሬ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ስደርስ ድስቱ ተጥዶ አገኘሁት።

«ቀዝቃዛ ውኃ አትጨምሪበት፤ ቁሌቱና ውኃው ተለያይቶ ይቀራል» አልኋት የወንድሜን ሚስት።

«እትዬ፣ እርስዎ ይረፉ። ጭሱ ይጎዳዎታል።»

«ጭሱንስ ችየው ኖሬያለሁ። አንቺን ነው ያልቻልሁት።»

ወንድሜ ሳቅ አለና ሳቁን ዋጠው።

እናቴ በጾም ቀን ስትሠራ ጨውን በመዳፏ ለክታ መጨረሻ ላይ፣ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ነበር የምትጨምረው። የወንድሜ ሚስት እንጨት ልታመጣ ስትወጣ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ስትመለስ አልነገርኋትም። እሷም ጨው አንስታ ጨመረች። አየኋት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አልተናገርሁም።

በኋላ ወንድሜ ጎረቤታችንን «አንቺ አትጾሚም፣ እስኪ ቅመሽልን» አላት። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ፊቷን አኮሳተረች።

«ምስር ነው ወይስ አሞሌ የቀቀላችሁት?»

«እኔ አንዴ ነው የጨመርሁ!» አለች የወንድሜ ሚስት።

«እኔም አንዴ» አልሁ።

«ሁለታችሁም ስትጨምሩ አይቻለሁ፤ የተነጋገራችሁ መስሎኝ» አለች ጎረቤቷ።

የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ ዞረች። «ስጨምር አይተውኛል?»

«አይቼሻለሁ።»

«አይተው ዝም አሉ? በገዛ እናትዎ ተዝካር?»

ማማሰያውን ከእጇ ተቀበልሁ። ወጥ ጨው ሲበዛበት ውኃ ማንቆርቆር ማቅጠን ነው፤ ድንችም ብዙ አይረዳም። ጨው ያልነካው ሌላ ወጥ ነው የሚያድነው። ግማሹን ወደ ሁለተኛው ድስት ገለበጥሁ። የተላጠውን ሽንኩርት ከትፌ ያለ ዘይት ጣድሁት፤ ውኃውን ሲጨርስ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን አስገባሁ። እንዳያርር የፈላ ውኃ በጭልፋ ጠብ እያደረግሁ አቁላላሁ። ለብቻው ያለ ጨው የቀቀልሁትን ምስር ጨምሬ ለሁለቱ ድስቶች አካፈልሁት። ጎረቤቷ እንደገና ቀመሰችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ ወጡ ደርሶ ነበር።

ካህናቱ ባርከው በሉ። አንድ ሽማግሌ እንጀራቸውን እያጠቀሱ «ይህን የሠራች እጅ ትባረክ» አሉ።

«አሜን» አለች የወንድሜ ሚስት። ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ።

ሰዉ ሲቀንስ ወንድሜ ወደ ማድ ቤቱ መጣ። እንደ ቅድሙ በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ የቡሬው መኪና እንዳያመልጥሽ።»

«እንጀራ አልቀመስሁም።»

«ቋጥራ ትሰጥሻለች።»

የወንድሜ ሚስት ጀርባዋን ሰጥታን ድስት ትፈገፍግ ነበር። አልዞረችም።

የእናቴን ማማሰያ አጥቤ ምስማሩ ላይ ሰቀልሁት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።