ከገሳይ መልስ የዳኘሁት ነገር

መልእክተኛ ልሆን ደብረ ታቦር የወጣሁ ዕለት፣ የመልእክተኞቹ አለቃ ባላምባራስ ካሴ እግሬን ያያሉ ብዬ ባቴን በቅቤ አሽቼ ነበር። እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። ረዘም ያለ ቃል በጆሮዬ ነገሩኝና፣ "ከዳገቱ ጫፍ ደርሰህ ስትመለስ ሳታጎድል ትነግረኛለህ" አሉኝ። ወጥቼ ወረድኩ፤ እያለከለክሁ ነገርኋቸው።

"ቃሉስ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ትንፋሽህ ነው" ብለው ሳቁና ለሰፈሩ እንጨት ከሚሸከሙት ጋር ደባለቁኝ።

ያን ጊዜ ንጉሡ የተቀመጡት ደብረ ታቦር ነበር። ደብዳቤ የሚጻፈው ለጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው መልእክት ሁሉ በቃል ይሄዳል። መልእክተኛ በትሩን ይዞ፣ ቆሎውን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ፣ ቃሉን በሆዱ ይዞ ይሮጣል። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ እንጨት ተሸከምኩ። ትከሻዬ ቆስሎ አልድን አለ። እንጨት የሚባል ነገር አስጠላኝ፤ እሳት እንኳ መሞቅ ጠላሁ።

በጥቅምት ባላምባራስ አምስታችንን ጠሩን።

"ገሳይ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። እዚያ ቄሰ ገበዙ ለየአንዳንዳችሁ ቃል ይሰጧችኋል። የምፈልገው ሦስት ሰው ነው። የቀረው ወደ እንጨቱ!"

ማልደን ተነሣን። የጉና ጉም መንገዱን አልብሶት ነበር። የገብሱ ማሳ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። የባልንጀሮቼን ኮቴ እሰማለሁ እንጂ አላያቸውም። ጥቂት እንደሮጥኩ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ተኝቼ በሕልሜ የምሮጥ መሰለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ገሳይ መድረሴን ያወቅሁት ቄሰ ገበዙ መስቀል ሲያሳልሙኝ ነው።

"ገብሱ ደርሷል፤ ውርጭ ያሰጋናል፤ አጫጅ ይላክልን" አሉኝ።

ስመለስ ከሁሉም ፊት ነበርኩ። ጉሙ መግለጥ ሲጀምር፣ ኩታቸውን እርስ በርስ የቋጠሩ አንዲት ባልቴትና አንድ ገበሬ ከመንገዱ ዳር አየሁ። ተካስሰው ዳኛ የሚጠብቁ ናቸው፤ በአገሩ ልማድ ደግሞ ዳኘን የተባለ መንገደኛ ሳይዳኝ አያልፍም። እንዳይጠሩኝ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

"በሕግ አምላክ! መንገደኛ፣ ቁም!" አሉ ባልቴቲቱ።

በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው የሚወርድ ውሃ ይቆማል። ቆምኩ።

"እናቴ፣ እኔ የንጉሥ መልእክተኛ ልሆን ነው። ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኋቸው።

"ገና ልትሆን ነው እንጂ መች ሆንህ? በል ዳኘን፣ ልጄ።"

ነገሩ የበሬ ነው። ያላቸውን አንድ በሬ ከገበሬው በሬ ጋር አቀናጅተው ነበር። ሰውየው የራሱን እርሻ አርሶ ሲጨርስ የእርሳቸው በሬ አነከሰ፤ የእርሳቸው መሬት ጦም አደረ። እሱ ደግሞ "ሲመጣም እያነከሰ ነው፣ ዳኛዬ!" ይላል። በሬውን ልይ ብዬ እስከ በረቱ ወረድኩ። ምስክር ተጠራ። ይህ ሁሉ ሲሆን አራቱ ባልንጀሮቼ በላይ በኩል ተራ በተራ አለፉ። አንደኛው ቢያድግልኝ፣ "ጌታው፣ ፍርድ እንዳያጓድሉ!" ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

በሬው ያነከሰው ቀንበር ላይ መሆኑን ምስክሮቹ ተናገሩ። "ሌላ በሬ ፈልገህ ከበሬህ ጋር ጠምደህ መሬታቸውን እረስላቸው" ብዬ ፈረድኩ። ባልቴቲቱ መረቁኝ። ምርቃቱ ግን እግሬን አላፍታታልኝም። ላቤ ደርቆ፣ ጉልበቴ እንደ ግንድ ደንዝዞ ነበር። አንድ እርምጃ ስራመድ አመመኝ፤ ሁለተኛው ባሰ። እያነባሁ ሄድኩ። መሮጥ የጀመርኩት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ያም ሩጫ ከተባለ።

አንድ ወንዝ ዳር ቢያድግልኝን እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ አገኘሁት።

"ሦስቱ አልፈውኛል። አንተስ ለማን ትሮጣለህ? ይልቅ ተቀመጥ" አለኝ።

መቀመጥ አማረኝ፤ ከልቤ አማረኝ። ግን የገሳይ ገብስ ውርጭ እየጠበቀ ነው፤ አጫጅ ይላክ የሚለው ቃል ያለው ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። ጥዬው ሄድኩ።

ጥላ ሲረዝም ደረስኩ። ቃሌን ሙሉውን ተናገርኩ። ባላምባራስ የት እንደቆየሁ ጠየቁኝ፤ የበሬውን ነገር አጫወትኋቸው።

"ሦስቱን መርጫለሁ" አሉኝ።

"አውቄያለሁ፣ ጌታዬ።"

"አውቀህ ነው የሮጥኸው?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"እነሱ እዚሁ ቅርብ ቅርቡን ይላካሉ። የጎጃም መንገድ ግን ወንዝ ሞልቶ ያስቆማል፣ ንዳድ ያስቆማል፣ ሙግት ያስቆማል። ሰው አጥቼለት ነበር። እሱ ያንተ ነው" አሉኝ።

ጉልበቴ እስኪከዳኝ ጎጃም ተመላለስኩ። ለሥራው አዲስ የሆናችሁ ልጆች፣ የማውቀው ይህን ነው፦ ሩጫ ያደክማል እንጂ አይከብድም። የሚከብደው ቆመው ከቀዘቀዙ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። እሷን እያነከሳችሁም ቢሆን ተራመዱ።