አባባ ተገኝን መቅደም

ሐበሻ ሁሉ ሯጭ ነው ይባላል። ሐሰት ነው፤ እኛ ሽማግሌ መቅደም የማይሆንልን ሕዝብ ነን።

ዛሬ ጠዋት እዚህ እስራኤል፣ በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ የሠፈር ሯጮች ደረታቸው ላይ ቁጥር ሲሰኩ አየሁ። የባሕሩ ጨው ሲሸተኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ያኔ እዚሁ በተደረገው ሩጫ፣ ከልጆች እስከ አሥረኛ የወጣ ክለብ ይገባ ነበር። እኔም ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ልቤ እየዘለለ ስከንፍ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከእኛ ቀድመው ሩጫ በጀመሩት ጎረቤታችን በአባባ ተገኝ ላይ ደረስን። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዱብ ዱብ ይላሉ። አምስት የሠፈራችን የራማት ኤሽኮል ሐበሻ ልጆች ፍጥነታችንን ቀንሰን ከኋላቸው ተሰለፍን። ሐበሻ ሲያይ ዋንጫ የሚታየው የትምህርት ቤታችን አሠልጣኝ «ያላ! ያላ!» እያለ እንድንፈጥን ጮኸ። ሌሎቹ ልጆች እየሳቁ አለፉን።

አባባ ዞር አሉ። «ምን ትከተሉኛላችሁ? ቀብሬ ነው እንዴ?»

«አባባ፣ እርስዎን እንዴት እንቀድማለን?» አልኩ።

«በእግራችሁ ነዋ!»

ተፈተለክሁ! ነፋሱ ጆሮዬ ላይ አፏጨ፤ ከኋላዬ የአባባ ሳቅ ይሰማኛል። አሥራ አንደኛ ወጣሁ።

ዛሬ ሸብቻለሁ፤ ቁጥርም ሰክቻለሁ። አንባቢዬ፣ ከኋላዬ ከደረስህ ሰላምታህ ይቆየኝ። እለፈኝ።