የሙሽራዋ የወረቀት አበባና የእኔ ሳንባ

መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ላብ ያጠምቀኛል። አንድ ቀን ሳስል አፌ ላይ በያዝሁት ነጭ ሶፍት ቀይ ነገር ጠብ አለ። አልደነገጥሁም።

እኔ ደባርቅ ውስጥ የታወቅሁ የወረቀት አበባ ሠሪ ነኝ። ነጩን ስስ ወረቀት፣ የሰፌድ አክርማ በሚነከርበት የዱቄት ቀለም በእጄ ነክሬ፣ አድርቄና አጥፌ ለሙሽራ መድረክ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለዒድ ስጦታ አበባ አወጣለሁ። ልኩራራ እንዴ? እኩራራለሁ! ጽጌረዳዬን እውነተኛ መስሏቸው ያሸተቱ አሉ። ያን ሰሞን ለእህቴ ልጅ ለሐያት ሠርግ ወራት ቀድሜ ቀይ እየነከርሁ ስለነበር «የቀለሙ ብናኝ ነው» አልሁ። እህቴ ዘይነብ «ኧረ ሐኪም ይይሽ!» ስትለኝ፣ «ሞያዬን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ አፏን አስያዝኋት።

ቀዩ አለቀ። ወደ ቅጠሉ ገባሁ። ሳልሁ። ሶፍቱን አየሁ። ቀይ ነው። እጄ ግን አረንጓዴ ነው። ቅጠሉን ጥዬ ዘይነብን ጠራኋት።

ሆስፒታል አክታዬ ተመረመረ፤ ራጅም ተነሣሁ። ሐኪሙ ሳያለባብስ ነገረኝ። «የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ ነው። ይድናሉ። ግን መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጡ ይወስዳሉ፤ ተሻለኝ ብሎ መተው የለም።» ወረቀቴን ንፋስ እንዳይቀድብኝ መስኮት ዘግቼ እንደማደርቅ ስነግረው «ከእንግዲህ ይክፈቱት» አለኝ። ቤተሰቡም ተመረመረ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ነፃ ሆኑ።

መድኃኒቱ ከባድ ነው። ያቅለሸልሸኛል። ከሳሁ። ሪፋምፒሲን የሚሉት እንባዬን ሳይቀር ብርቱካንማ አደረገው፤ ሐኪሙ ቀድሞ ባይነግረኝ በድንጋጤ እሞት ነበር። የባሰው ግን ከሙሽራው ከተማ ከዳባት መጣ። የሙሽራው እናት «የእሷ እጅ የነካው ወረቀት የልጄ ሠርግ ላይ ድርሽ እንዳይል» ማለቷን ሰማሁ። አለቀስሁ። ሳልሞት ሞያዬን የቀበሩብኝ መሰለኝ።

ሐያት ይህን ስትሰማ ሐኪሙ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። አክታዬ ዳግም ተመርምሮ ነፃ ሆኖ ነበር። «አሁን አያስተላልፉም፤ ድሮም ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በወረቀት አይተላለፍም» አላት። ልጅቱ እዚያው በር ላይ ቆማ ለአማቷ ደወለች። «የአክስቴ አበባ የሌለበት መድረክ ላይ አልቀመጥም» አለቻት። የእኔ ጀግና!

አቅሜ ሲመለስ በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ፣ ከተራራው የሚወርደው ንፋስ ስንቱን ወረቀት እየቀደደብኝ፣ የተረፈውን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ ትንሽ ሠርቼ ትንሽ እያረፍሁ፣ መድረኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባ አለበስሁት። የሠርጉ ቀን ሴቱ ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ አበባውን ፎቶ ሲያነሣ ሐያት ራሷ ሳቀች። መድኃኒቴንም ጨርሼ ዳንሁ።

ሐኪሙን፣ ክኒኔን በየቀኑ ፊቷ ያስዋጠችኝን ነርስና ሐያትን አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። እናንተም ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈባችሁ ምክንያት አትፈልጉለት፤ ተመርመሩ። ክኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጡ። በታመማችሁ ጊዜ ሥራችሁን የሚጸየፍ ቢመጣ፣ ድናችሁ ሠርታችሁ አሳዩት። የዳባቷ ሴትዮ ሰሞኑን ለትንሹ ልጇ ሠርግ አበባ እንድሠራላት መልእክት ልካለች። ወረፋ ያዢ በሏት አልሁ።